ልጃችን በየትኛው የኮምፒዩተር ቋንቋ ይጀምር?

ከጥቂት ዓመታት ወዲህ በየቤቱ አንድ ዐዲስ ጥያቄ ሲነሣ እንሰማለን። ቀድሞ አባትና እናት ስለ ልጃቸው ትምህርት ሲመክሩ «ሐኪም ይሁን ወይስ መሐንዲስ?» ይሉ ነበር፤ ዛሬ ግን ልጁ ገና ስድስተኛ ክፍል ሳይደርስ «የኮምፒዩተር ፕሮግራም መጻፍ ይማር ዘንድ በየትኛው ቋንቋ ብናስጀምረው ይሻላል?» እያሉ ይጠይቃሉ። መንግሥት ከተባበሩት ዐረብ ኤምሬቶች ጋር ሆኖ አምስት ሚሊዮን ኢትዮጵያውያንን በኢንተርኔት በነጻ ለማስተማር የታሰበውን የኮደሮች ፕሮግራም በሐምሌ ወር 2016 ዓ.ም. ካስጀመረ ወዲህማ ጥያቄው ከመምህራን ጆሮ አልተለየም።

ጥያቄው መልካም ነው፤ ዳሩ ግን ብዙ ጊዜ ስለ ገበያ ዕቃ እንደሚጠየቀው ሆኖ ይጠየቃል። «ከሁሉ የሚበልጠው የትኛው ነው? ብዙ ደመወዝ የሚያስገኘውስ?» ይባላል። መልሱም እንደ መላሹ ይለያያል፤ አንዱ ጃቫ ይላል፤ ሌላው ፓይተን፤ ሦስተኛው ሲ። ወላጅ ግራ ይጋባል። ልጁም ከአንዱ ወደ ሌላው ሲዘዋወር ሦስት ዓመት ሙሉ የሦስት ቋንቋ መግቢያ ይማርና አንዱንም ሳያደላድል «እኔ ለዚህ አልተፈጠርሁም» ብሎ ይተወዋል። ለአጭር ኮርስ የተከፈለው ገንዘብ በብዙ ቤት ከቀለብ ተቀንሶ የተከፈለ ነውና ነገሩን ቀለል አድርገን ልናልፈው አይገባም።

በመጀመሪያ «ቋንቋ» የሚለው ቃል እንዳያሳስተን እንጠንቀቅ። የኮምፒዩተር ቋንቋ ሰው ከሰው ጋር የሚነጋገርበት ልሳን አይደለም፤ ሰው ለኮምፒዩተር ትእዛዙን የሚጽፍበት ሥርዐት ነው። ኮምፒዩተር በአሠራሩ የሚለየው ሁለት ነገር ብቻ ነው፤ ይኸውም ኤሌክትሪኩ አለ ወይም የለም፣ በቁጥር ሲጻፍም 1 ወይም 0 ማለት ነው። ሰው ግን ዐሳቡን በ1ና በ0 ሲጽፍ ቢውል ይታክታል፤ ይሳሳታልም። ስለዚህ ሰው በሚያነበው ቃል ይጻፍ፣ አስተርጓሚ የሆነ ሌላ ፕሮግራም ደግሞ ወደ 1ና ወደ 0 ይመልሰው ተባለ። አሜሪካዊቷ ግሬስ ሆፐር ከእንደዚህ ያሉት አስተርጓሚዎች ቀዳሚ የሆነውን አንዱን በ1952 ሠራች። (ስለ ውጭ አገር በምንናገርበት ሁሉ ዘመኑ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።) ጥቂት ቆይታም ትእዛዙ በእንግሊዝኛ ቃል እንዲጻፍ አደረገች። ራሷ እንደ ተረከችው፣ ይኸው ትእዛዝ በፈረንሳይኛና በጀርመንኛም ሊጻፍ እንደሚችል ለአለቆቿ ብታሳያቸው፣ አሜሪካ ውስጥ የተሠራ ኮምፒዩተር እንዴት የባዕድ ቋንቋ ይሰማል ብለው ደነገጡ። ለኮምፒዩተሩ ግን እንግሊዝኛውም ፈረንሳይኛውም አንድ ነው፤ ሁለቱም ለእርሱ ምልክት ብቻ ናቸው። ይህን ታሪክ ማንሣታችን ጥያቄውን ስለ ወንድ ልጃቸው ብቻ ለሚጠይቁን ወላጆችም መልስ እንዲሆን ነው።

አሁን ወደ ምርጫው እንመለስ። በአገራችን የአብነት ትምህርት ቤት ልጅ ፊደል ከቆጠረና አቡጊዳውን ከለየ በኋላ መጀመሪያ የሚያነበው መልእክተ ዮሐንስን ነው፤ ቆይቶም ወደ ዳዊት ይሻገራል። መልእክተ ዮሐንስ ለምን ቀደመ ቢሉ፣ አጭር ስለሆነና ቃላቱም እየተመላለሱ ስለሚመጡ የልጅ ዐይን ቶሎ የሚለምዳቸው ሆኖ ይመስለናል። ማንም የኔታ ግን «ይህ ንባብ እንጀራ ያበላዋልን?» ብሎ አልመረጠውም። እንጀራው በኋላ የሚመጣ ነው፤ በቅዳሴ ይሁን በዜማ፣ በቅኔ ይሁን በትርጓሜ፣ ወይም ጨርሶ በሌላ ሙያ። የመጀመሪያው ንባብ ሥራው ልጁን አንባቢ ማድረግ ነበር፤ አንድ ጊዜ አንባቢ የሆነ ደግሞ የወደደውን መጽሐፍ ያነባል።

የመጀመሪያው የኮምፒዩተር ቋንቋም ሥራው ይኸው ነው። በማናቸውም ቋንቋ ውስጥ የሚገኘው መሠረት ጥቂት ነው፤ አንድን ቁጥር ወይም ጽሑፍ ስም ሰጥቶ ማስቀመጥ፤ «እንዲህ ከሆነ ይህን አድርግ፣ ካልሆነ ያን አድርግ» ብሎ ማዘዝ፤ አንዱን ሥራ እስኪበቃ ድረስ መደጋገም፤ ትልቁን ሥራ በትንንሹ ከፋፍሎ ለየክፍሉ ስም ማውጣት፤ የሠሩት ሳይሠራ ሲቀርም ስሕተቱን አድኖ ማግኘት። እነዚህን በአንዱ ቋንቋ አጥብቆ የያዘ ልጅ ሁለተኛውን ቋንቋ ሲጀምር እንደ ዐዲስ ተማሪ አይሆንም፤ ምነው ቢሉ በአብዛኛው የሚለወጥበት አጻጻፉ ነው እንጂ ዐሳቡ አይደለምና። በሦስት ቋንቋ ሰላምታ ብቻ ያጠና ልጅ ግን አራተኛውንም የሚጀምረው ከሰላምታ ነው።

ስለ መጀመሪያ ቋንቋ መከራከር ዛሬ የተጀመረ አይደለም። በአሜሪካ በዳርትመዝ ኮሌጅ ጆን ኬሜኒና ቶማስ ከርትዝ የተባሉ ሁለት የሒሳብ መምህራን የሳይንስ ተማሪ ያልሆነውም ሁሉ ኮምፒዩተር ማዘዝ ይችል ዘንድ ቤሲክ የተባለውን ቋንቋ አዘጋጁ፤ የመጀመሪያው የቤሲክ ፕሮግራምም በሜይ 1 ቀን 1964 በእኛ አቆጣጠር ከሌሊቱ 10 ሰዓት ላይ ሠራ። በ1970 ደግሞ ስዊሳዊው ኒክላውስ ቪርት ተማሪን በሥርዐት ለማስለመድ ብሎ ፓስካልን አወጣ። ታላቁ የኔዘርላንድ ሊቅ ኤድስገር ዳይክስትራ በ1975 በጻፈው ማስታወሻ መጀመሪያ ቤሲክ የተማረ ተማሪ አእምሮው ተበላሽቷልና ወደፊት ሊቃና አይችልም እስከ ማለት ደረሰ። በዚያው በ1975 ቢል ጌትስና ፖል አለን ማይክሮሶፍትን ሲመሠርቱ የመጀመሪያ ሸቀጣቸው ያው ቤሲክ ነበር። ዳይክስትራ በሊቅነቱ የሚታማ ሰው አይደለም፤ ነገር ግን ቤሲክን የተማሩ ልጆች ብዙዎቹ አድገው ሌላ ቋንቋ ተማሩ፤ አዋቂዎችም ሆኑ። መጥፎ ልማድ በመምህር ይታረማል፤ ጨርሶ ያልጀመረን ልጅ ግን የሚያርመው የለም።

እንግዲህ ሚዛኑ ደመወዝ ካልሆነ ምን ይሁን? ከሁሉ በፊት የምንመለከተው ልጁ ሲሳሳት ቋንቋው ምን ያደርጋል የሚለውን ነው። ጀማሪ ሁልጊዜ ይሳሳታልና። ለዚህም አንድ ምሳሌ እናሳይ። ጃቫስክሪፕት የተባለውን ቋንቋ ብሬንዳን አይክ በኔትስኬፕ ኩባንያ ሳለ በ1995 የመጀመሪያውን ቅርጽ በ10 ቀን ሠራው። ዛሬ በማናቸውም የድረ ገጽ ማንበቢያ ውስጥ ይገኛል፤ ለሥራም እጅግ የሚፈለግ ነው። ነገር ግን እንደ ጽሑፍ የተያዘ 5ን እንደ ቁጥር ከተያዘ 3 ጋር ደምር ብትሉት 8 አይልም፤ ስሕተት ነው ብሎም አያቆምም፤ ሁለቱን ጐን ለጐን አስቀምጦ 53 ይላችኋል። ከዚያው ከጽሑፉ 5 ላይ 3 ቀንስ ብትሉት ደግሞ 2 ብሎ በትክክል ይቀንሳል! ለሚያውቅ ሰው ምክንያቱ የታወቀ ነው። ጀማሪው ልጅ ግን ስሕተቱ የት እንደገባ ሳያውቅ ከሃያ መስመር በኋላ የተበላሸ መልስ ያገኛል። ፓይተን በዚህ ስፍራ ይቆማል፤ ጽሑፍና ቁጥር አይደመሩም ብሎ መስመሩን ከነቁጥሩ ያሳያል። ሲሳሳት ዝም ከሚል መምህር በስሕተቱ ስፍራ ጣቱን የሚያሳርፍ መምህር ይሻላል።

ሁለተኛው ነገር ልጁ የመጀመሪያውን ፍሬ ከማየቱ በፊት ስንት ያልገባውን ነገር ተሸክሞ መሄድ እንዳለበት ነው። በጃቫ «ሰላም» የሚል ቃል ብቻ በመስኮቱ ላይ ለማውጣት ልጁ በቀድሞው አጻጻፍ ፐብሊክ፣ ክላስ፣ ስታቲክ፣ ቮይድ፣ ሜይን የሚሉትን ቃላት ከነቅንፋቸው መጻፍ ነበረበት፤ ምን ማለት ነው ብሎ ቢጠይቅም መምህሩ «በኋላ ይገባሃል» ከማለት በቀር መልስ አልነበረውም። (የጃቫ ሠሪዎችም ይህን ሸክም አይተው በቅርብ ዓመታት ለጀማሪ አቅልለውታል፤ በብዙ ትምህርት ቤት የሚሠራበት መጽሐፍ ግን የቀድሞው ነው።) ቃሉን በቃል አጥንቶ ትርጉሙን ኋላ ማግኘት በአብነት ትምህርት ቤትም የታወቀ መንገድ ነው፤ አናነውረውም። ነገር ግን በዜማ ቤት ልጁ ትርጉሙ ባይገባውም የዜማው ጣዕም ይደርሰዋል፤ በዚህ ግን የሚደርሰው ጣዕም የለም። በፓይተን ይኸው ሰላምታ አንድ መስመር ብቻ ነው።

ፓይተንን የጀመረው የኔዘርላንዱ ጊዶ ቫን ሮሱም ነው፤ በ1989 የገና ዕረፍት ሥራውን ጀምሮ በ1991 ለሕዝብ አወጣው። ስሙም ከዘንዶው ሳይሆን በእንግሊዝ አገር ከነበሩ ሞንቲ ፓይተን ከተባሉ የቧልት ተዋንያን የተወሰደ ነው። ጊዶ አስቀድሞ በአምስተርዳም ለተማሪ ታስቦ በተሠራ ኤቢሲ በተባለ ቋንቋ ላይ ሠርቶ ነበርና ለጀማሪ ማሰብን ከዚያ የተማረ ይመስላል። በዛሬው ፓይተን ለሥርዐቱ የተለዩት ቃላት 35 ናቸው፤ ከ33ቱ የአማርኛ ፊደል ቤቶች በሁለት ብቻ ይበልጣሉ። ከ35ቱም ጀማሪው ለመጀመሪያዎቹ ወራት ዐሥራ አምስቱን ቢያውቅ ይበቃዋል። በ2014 በአሜሪካ ከታወቁ 39 የኮምፒዩተር ትምህርት ክፍሎች 27ቱ የመግቢያ ትምህርታቸውን በፓይተን ይሰጡ እንደነበረ ተቆጥሯል።

እንግዲህ ዕድሜው ከዐሥራ ሁለት ዓመት ለሚበልጥ፣ እንግሊዝኛንም በመጠኑ ለሚያነብ ልጅ ምረጡ ብንባል የምንመርጠው ፓይተንን ነው። ጉድለት የለውም ማለታችን ግን አይደለም። ከሲ ይልቅ በሥራ ላይ ይዘገያል። የመስመሩን መግባትና መውጣት እንደ ሕግ ስለሚቆጥረው ባዶ ስፍራ በቸልታ የሚተው ልጅ በመጀመሪያው ሳምንት ይበሳጫል፤ ቢሆንም ይህ ብስጭት ደብተርን በሥርዐት መጻፍ ያስለምዳል። ደግሞም ከአሮጌ መጻሕፍት ሻጭ የፓይተን መጽሐፍ የምትገዙ ወላጆች አንድ ነገር ተመልከቱ። ፕሪንት ከሚለው ቃል በኋላ ቅንፍ ከሌለ መጽሐፉ የሁለተኛው ፓይተን ነው፤ እርሱም ከጃንዋሪ 1 ቀን 2020 ጀምሮ ጠባቂ የለውም። የምትፈልጉት በ2008 የወጣውን ሦስተኛውን ነው።

ከዐሥር ዓመት በታች ላለ ልጅ ግን ፓይተንም ይከብደዋል። ለእርሱ ስክራች አለለት። ይህንን በአሜሪካ የማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ሚቸል ሬዝኒክና ባልደረቦቹ ሠርተው በ2007 ለሕዝብ አወጡት። ልጁ አይጽፍም፤ ትእዛዝ የተጻፈባቸውን ባለ ቀለም ቁራጮች እንደ መጫወቻ እያገጣጠመ ድመቷን ያስኬዳል፤ ያናግራል። የማይገጥም ትእዛዝ በቅርጹ ስለማይገጥም የፊደል ግድፈት የሚባል ነገር አይገጥመውም። ለእኛ ደግሞ የሚበልጠው ነገር ስክራች በአማርኛ መኖሩ ነው፤ ከቋንቋዎቹ ዝርዝር አማርኛን ቢመርጡ ቁራጮቹ በአማርኛ ይሆናሉ። እናቱ እንግሊዝኛ ባታውቅም ከልጇ አጠገብ ተቀምጣ ልታነብለት ትችላለች። ይህ የሕፃን ጨዋታ ነው ብሎ የሚንቅ ቢኖር፣ በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ዝነኛው የመግቢያ ትምህርት ለዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የሚጀመረው በስክራች መሆኑን ይወቅ፤ ከዚያም ወደ ሲ፣ ቆይቶም ወደ ፓይተን ይሄዳሉ።

ሲን ካነሣን ዘንድ፣ በ1972 ገደማ ዴኒስ ሪቺ በቤል ላቦራቶሪ የሠራው ይህ ቋንቋ ዛሬም የብዙ ነገር መሠረት ነው። የኮምፒዩተሩን ማኅደር ክፍል በክፍል እንዲያውቁ ያስገድዳል፤ ስለዚህም የሙያው ሰው ለመሆን የቆረጠ ወጣት አንድ ቀን ሊማረው ይገባል። በአገራችን ዩኒቨርሲቲዎች የሚገቡ ወጣቶችም በመጀመሪያው ዓመት እርሱን ወይም ታናሽ ወንድሙን ሲ ፕላስ ፕላስን ያገኙታል። ለብቻው ያለ መምህር በቤት የሚማር ልጅ ግን በሲ ቢጀምር አንዲት ትንሽ ስሕተት ፕሮግራሙን ያለ ምንም ማብራሪያ ታጠፋበታለችና ይጨንቀዋል።

ይህን ሁሉ ካልን በኋላ የተናገርነውን የሚሽር አንድ ነገር አለ። በቤት ውስጥ ወይም በጎረቤት ጃቫ የሚያውቅ፣ በሳምንት ሁለት ቀንም ከልጁ ጋር ሊቀመጥ ፈቃደኛ የሆነ ታላቅ ወንድም ወይም አጎት ካለ፣ ልጁ በጃቫ ይጀምር። የሚጠይቁት ሰው ያለበት ከባድ ቋንቋ፣ የሚጠይቁት ሰው ከሌለበት ቀላል ቋንቋ ይሻላል። ስለ ቋንቋ ምርጫ የሚጻፉ ጽሑፎች ይህን ሲዘነጉት እናያለን፤ የሚጽፉትም ሰው በብዛት በሚገኝበት አገር ስለሆነ ይሆናል።

«ኮምፒዩተር በቤታችን የለም፤ ሞባይል ብቻ ነው» የሚሉን ብዙ ናቸው። ፓይተን የሚሸጥ አይደለም፤ በነጻ የሚገኝ ነው፤ አሮጌ ኮምፒዩተርም ለጀማሪ ይበቃዋል። ሞባይል ብቻ ካለም ፓይድሮይድ የሚባለውን አንድ ጊዜ ካስገቡት በኋላ ያለ ኢንተርኔት ፓይተንን በስልክ ያሠራል። በጠባብ መስኮት ላይ መጻፍ ያታክታል እንጂ ይቻላል። ልጁ ፕሮግራሙን አስቀድሞ በደብተር ይጻፈው፤ መስመር በመስመር እያነበበም መልሱ ስንት እንደሚሆን በእርሳስ ያስቀምጥ፤ ከዚያ በኋላ በስልኩ ይሞክረውና ከራሱ መልስ ጋር ያስተያየው። መብራት በሚጠፋበት ቀን ደብተሩ አይጠፋም። በዚህ መንገድ የተማሩ ልጆች ኮምፒዩተር እንደ ልባቸው ካገኙት ልጆች ይልቅ አስበው የሚጽፉ ሆነው አግኝተናቸዋል፤ ይህንም የምንለው ድኽነትን ለማሞገስ አይደለም።

ሌላው ጥያቄ ከ2022 መጨረሻ ወዲህ የመጣ ነው። ቻት ጂፒቲና መሰሎቹ ሲጠየቁ ፕሮግራሙን ራሳቸው ጽፈው የሚያወጡ ከሆነ ልጁ ስለ ምን ይደክማል? በእርግጥ ይጽፋሉ፤ ብዙ ጊዜም መልካም አድርገው። አንዳንድ ጊዜም የተሳሳተውን በዚያው በተረጋጋ ቃል ይጽፋሉ፤ ማንበብ የማይችል ሰውም ሁለቱን አይለያቸውም። በቅኔ ቤት ሌላ ተማሪ የቆጠረውን ቅኔ ወስዶ ለመምህሩ የሚነግር ተማሪ ቢኖር፣ መምህሩ «ምሥጢሩን ፍታው» ሲለው ይያዛል። ወላጅም ፕሮግራም መጻፍ ባያውቅ እንኳ ይህን ማድረግ ይችላል። ልጁን «ይህ መስመር ምን ያደርጋል? ይህንስ ብታጠፋው ምን ይሆናል?» ብላችሁ ጠይቁት። ራሱ የጻፈው ከሆነ ያስረዳችኋል፤ ባይሆንም በመልሱ መንተባተብ ታውቁታላችሁ። ያልገባውን ስሕተት እንዲያብራሩለት ቢጠይቃቸው ግን ክፉ አይደለም፤ ሰው በሌለበት እንደ አስጠኚ ያገለግላሉና።

ገንዘብ ከፍላችሁ ልጃችሁን ኮርስ የምታስገቡ ከሆነ ምስክር ወረቀት ይሰጣል ወይ ብላችሁ አትጠይቁ። «በመጀመሪያው ወር መጨረሻ ልጄ ብቻውን ምን ሠርቶ ያሳየኛል?» ብላችሁ ጠይቁ። በሦስት ወር አምስት ቋንቋ እናስተምራለን የሚል ካጋጠማችሁ ገንዘባችሁን ይዛችሁ ተመለሱ። ልጁ በአንዱ ቋንቋ ቢያንስ አንድ ዓመት ይቆይ፤ በሳምንት ሦስት ቀን አንድ አንድ ሰዓት ቢሠራ ይበቃዋል። ከዓመቱ በኋላ ድረ ገጽ መሥራት ቢወድ ወደ ጃቫስክሪፕት፣ የሞባይል አፕሊኬሽን ቢወድ ወደ ኮትሊን፣ የኮምፒዩተሩን ውስጥ ማወቅ ቢወድ ወደ ሲ ይሻገር፤ የደመወዙም ጥያቄ ያን ጊዜ ይነሣ።

ልጁ የሚሠራውም ነገር ከሚያውቀው ኑሮ ቢሆን መልካም ነው። በባዕድ አገር መጽሐፍ ያለውን የፒዛ ሒሳብ ከሚሠራ የእናቱን የዕቁብ ተራ ወይም የሱቁን ዕዳ መዝገብ ይሥራ። እኛ ለክርስቲያን ቤት ልጆች የምንወደው ምሳሌ ባሕረ ሐሳብን ነው፤ አባቶቻችን በቃል የያዙት ይህ ስሌት ደምር፣ አካፍል፣ ትራፊውን ያዝ እያለ የሚሄድ ስለሆነ ኮምፒዩተር እንደሚታዘዘው ሆኖ የተሠራ ነው ማለት ይቻላል። ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር ደግሞ አለ። የግእዝ ፊደል በ1999 ከዓለም የኮምፒዩተር ፊደላት መዝገብ ከገባ በኋላ፣ ሦስተኛው ፓይተን የምንሰጠውን ስም በግእዝ ፊደል እንድንጽፍ ይፈቅዳል። 35ቱ ቃላት በላቲን ፊደል ይቀራሉ፤ ለቁጥሮቹ የምናወጣው ስም ግን የራሳችን ነው። የ2018 ዓ.ም. ስሌት እንዲህ ይጻፋል፤

ዓመተ_ዓለም = 5500 + 2018
መጠነ_ራብዒት = ዓመተ_ዓለም // 4
ወንጌላዊ = ዓመተ_ዓለም % 4
ዕለት = (ዓመተ_ዓለም + መጠነ_ራብዒት) % 7

ሁለቱ አዝማሚያ መስመሮች ስንት ጊዜ እንደሚደርስ፣ የመቶኛው ምልክት ደግሞ ስንት እንደሚተርፍ ይሰጣሉ። በስም ውስጥ ባዶ ስፍራ አይፈቀድምና ሁለቱን ቃላት ከሥር በተሰመረ ጭረት አያይዘናቸዋል። ልጁ አራቱን መስመሮች በፓይተን የጥያቄና መልስ መስኮት ከጻፈ በኋላ ወንጌላዊ ብሎ ጽፎ መግቢያውን ቢጫን 2 ይወጣለታል፤ 1 ማቴዎስ፣ 2 ማርቆስ፣ 3 ሉቃስ፣ 0 ዮሐንስ ነውና ዘመኑ ዘመነ ማርቆስ ነው። ዕለት ብሎ ቢጽፍ 3 ይወጣል፤ አቆጣጠሩ 0 ሰኞ ብሎ ስለሚጀምር 3 ሐሙስ ነው፤ የ2018 መስከረም 1 ቀንም ሐሙስ ውሏል። ከዚህ በኋላ 2018ን እያጠፋ የተወለደበትን ዓመት፣ የአያቱንም ዓመት ያስገባ፤ አያቱ ያን ዓመት የሚያስታውሱ ከሆነ መልሱን ከእርሳቸው ይጠይቅ። ቁጥሩን ወደ ስም ለመለወጥ ሲፈልግ «እንዲህ ከሆነ» የሚለውን ትእዛዝ፣ የመቶ ዓመት ዝርዝር ለማውጣት ሲፈልግ መደጋገምን ይማራል፤ ሁለቱንም ስለ ቸገረው ይማራቸዋል።

ይህን የጨረሰ ልጅ መጥቅዕን ያውጣ። ዓመተ ዓለሙን ለ19 አካፍሎ ከትራፊው 1 ሲቀንስ ወንበሩን ያገኛል፤ ወንበሩን በ19 አባዝቶ በ30 ሲገድፈው የሚተርፈው መጥቅዕ ነው፤ ትራፊው 0 ሲሆን 30 ይባላል። ለ2018 ዓ.ም. 18 ከወጣለት ልክ ነው፤ 7 ከወጣለት ግን ወንበሩን ሲያወጣ 1 መቀነሱን ረስቷልና ወደዚያው መስመር ይመለስ።